ሰም ከመቀባታችሁ በፊት፦ የመኪና ቀለም ማጽጃና ሰም አመራረጥ እና አቀባብ

የመጀመሪያውን ውድ ሰም የገዛሁ ዕለት ቆርቆሮውን ከፍቼ በቀጥታ መኪናው ላይ ቀባሁት። መኪናው ጥቁር ነው። ታጥቧል፣ ደርቋል፣ ንጹሕ ይመስላል። ወልውዬ ስጨርስ አብረቀረቀ፤ ደስ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይዋ ኮፈኑ ላይ በጎን ስታርፍ ግን የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ከዳር እስከ ዳር ታየኝ። ቀለሙ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ጥቃቅን ቆሻሻ በገዛ እጄ እየጎተትኩ አሽቼበታለሁ። ሰሙ ምንም አላጠፋም። ከሰሙ በፊት መሠራት የነበረበት ሥራ ነው ያልተሠራው።

ያንን ጭረት ለማለስለስ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰም የምቀባበትን ጊዜ ሳሰላ ሦስት አራተኛውን ለማጽዳት እመድባለሁ። ይህ ጽሑፍም በዚያው ልክ የተሠራ ነው፤ ስለ ሰም ቢሆንም ብዙው ክፍሉ ስለ ማጽዳት ነው።

መጀመሪያ ቀለሙን እዩት

ዛሬ በብዛት የምናየው የመኪና ቀለም ንብርብር ነው። ከታች ፕራይመር፣ በላዩ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው ጥርት ያለ ሽፋን አለ። ስናጥብም፣ ስንወለውልም፣ ስንጭርም የምንነካው ክሊሩን ነው። ውፍረቱ ባብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። አንድ የራስ ፀጉር 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። ክሊሩ ከፀጉር ይሳሳል ማለት ነው። በየጊዜው በሚፍቅ ነገር ካሸነው ያልቃል። ካለቀ ደግሞ መኪናውን እንደገና ከማስቀባት ሌላ መላ የለውም።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ቀለሙ ምን እንደሚፈልግ እወቁ። መኪናውን አጥባችሁ አድርቁና እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ኮፈኑን በጣታችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ዳብሱት። ባዶ እጅ የማያገኘው ነገር በፌስታል ይሰማችኋል። ንጹሕ ቀለም እንደ መስታወት ያንሸራትታል። ቆሻሻ የያዘው ግን ደቃቅ አሸዋ የተበተነበት ይመስል ይሻክራል። ያ ሻካራ ነገር በሻምፖ የሚለቅ አይደለም። ከፍሬን የሚበተን የብረት ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የአስፋልት ሬንጅ፣ አጠገብ ቀለም ሲረጭ በነፋስ የመጣ ፍንጣቂ ሊሆን ይችላል።

ጭረት ካያችሁ ደግሞ ጥፍራችሁን አግድም አሳልፉበት። ጥፍር ከያዘው ጭረቱ ጠልቋል፤ ሰምም ማጽጃም አያጠፋውም። ካልያዘው ተስፋ አለው። ጥላ ውስጥ ሆናችሁ የስልካችሁን መብራት ከቀለሙ ጎን ይዛችሁ እዩ። ቀን የማይታየው ክብ ክብ ጭረት ሁሉ ይወጣል።

መኪናው በጣም አሮጌ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። ከዓይን የራቀ ቦታ ላይ ትንሽ ማጽጃ በነጭ ጨርቅ እሹ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ካነሳ ወይ ቀለሙ ክሊር የሌለው የድሮ ዓይነት ነው፣ ወይ ክሊሩ አልቋል። የድሮው ዓይነት ከሆነ አትደንግጡ፤ ጨርቁ ላይ የመጣው ፀሐይ ያደረቀው የላይኛው ክፍል ነው፤ ከሥሩ ያለው ደመቅ ብሎ ይወጣል። ክሊሩ ያለቀ ከሆነ ግን ማሸቱን እዚያው አቁሙ።

ጭራሽ ሰም የማይቀባም አለ። ማት የሚባለው የማያንጸባርቅ ቀለም በሰም ይበላሻል፤ ቦታ ቦታ እያበራ ዝንጉርጉር ይሆናል። ጋራዥ ገብቶ እንደ አዲስ የተቀባ መኪናም መቆየት አለበት፤ ቀለሙ ውስጥ የቀረው ቲነር ተንኖ መውጣት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚባለው ከ30 እስከ 90 ቀን ነው። እንደ ቀለሙ ዓይነት ስለሚለያይ የቀባውን ባለሙያ ጠይቁ። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ መኪና ቀለሙ በሙቀት ተጋግሮ ስለሚደርቅ ይህን ያህል መጠበቅ አያሻውም።

የትኛው ማጽጃ?

“የቀለም ማጽጃ” የሚል የተጻፈበት ጠርሙስ ሁሉ አንድ ሥራ አይሠራም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

አንደኛው ዓይነት በኬሚካል ብቻ የሚሠራ ነው። የድሮ ሰም፣ ቅባትና የደረቀ እድፍ እያሟሟ ያነሳል፤ ክሊሩን አይፍቅም። ቀለሙ ደህና ሆኖ ደብዘዝ ካለ ይህ ይበቃዋል። ሁለተኛው ፖሊሽ የምንለው ነው። ውስጡ በጣም ደቃቅ ፋቂ ዱቄት አለው፤ ከክሊሩ ላይ ጥቂት እያነሳ ቀለል ያለ ጭረት ያለሰልሳል። ሦስተኛው ኮምፓውንድ ነው። የሱ ፍቀት ከባድ ነው። ሞክራችሁት የማታውቁ ከሆነ በእሱ አትጀምሩ። ማጽጃና ሰም አንድ ላይ የተቀላቀለበትም አለ፤ ለብዙ ሥራ የሚነዳና ዕድሜው የገፋ መኪና ላለው ሰው ይሄኛው አይናቅም። አንዴ ቀብቶ መጨረስ ነው። ዋጋ የምትከፍሉት በዕድሜው ነው፤ ሰሙ ለብቻው እንደሚቀባው ብዙ አይቆይም።

ከለስላሳው ጀምሩ። ካልበቃ አንድ ደረጃ ከፍ ትላላችሁ። ከጠንካራው ጀምራችሁ የፋቃችሁትን ክሊር ግን የሚመልስላችሁ የለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ማጽጃዎች ጭረቱን ሳያጠፉ በቅባት ሞልተው ይሸፍኑታል። የቀባችሁ ዕለት ጭረቱ የጠፋ ይመስላል፤ ሦስት አራት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ማታለል ነው አልልም፤ ክሊሩ የሳሳ መኪና ላይ እንዲያውም የሚመረጠው እሱ ነው። ምን እንደገዛችሁ አውቃችሁ ግዙ ብቻ።

ቤንዚን ወይም የጥርስ ሳሙና የሚመክሯችሁ ሰዎች ይኖራሉ። እባካችሁ ተዉት። የጥርስ ሳሙና ፋቂ ዱቄት አለው፤ መጠኑን ግን ለመኪና ክሊር ብሎ የለካው የለም። ቤንዚን ደግሞ በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ጎማውንና ፕላስቲኩንም ይጎዳል።

ሰም ስትገዙ

“ፕሪሚየም” ከሚባሉት ሰሞች አብዛኞቹ የሚመኩት በካርናውባ ነው። ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ሰም ነው። ዛፉ ቅጠሉን በሰም የሚሸፍነው በዚያ ደረቅ አገር ውሃው ተንኖ እንዳያልቅበት ነው። የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። የንብ ሰም 62 ዲግሪ አካባቢ እንደሚቀልጥ ስታስቡ ለምን ለመኪና እንደተመረጠ ይገባችኋል። ጥቁር ኮፈን ፀሐይ ላይ ሲውል እጅ ያቃጥላል።

ንጹሕ ካርናውባ እንደ ድንጋይ ጠጣር ስለሆነ እንዲሁ አይቀባም። በማቅጠኛ፣ በዘይትና በሌሎች ሰሞች ተለስልሶ ነው ቆርቆሮ ውስጥ የሚገባው። እንግዲህ “መቶ በመቶ ካርናውባ” የሚል ካያችሁ ቆርቆሮው ሙሉ በሙሉ ካርናውባ ነው ማለት አይደለም። ውስጡ ያለው የሰም ክፍል ካርናውባ ነው ለማለት ነው። እኔ ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዬ ተጨማሪ ብር አላወጣም።

የካርናውባ ውበቱ ሌላ ነው። ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ መኪና ላይ ቀለሙ እርጥብ የሆነ ያህል ጥልቀት ይሰጠዋል። ድክመቱ ዕድሜው ነው። ውጭ የሚያድር መኪና ላይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከቆየ ጥሩ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ የሚያድር ትንሽ ይጨምራል።

ሲላንት የሚባለው ከፖሊመር የተሠራው ሰው ሠራሽ ሽፋን ከ4 እስከ 6 ወር ሊዘልቅ ይችላል። አንጸባራቂነቱ እንደ መስታወት ስል ነው፤ ነጭና ብርማ መኪና ላይ በጣም ያምራል። ጊዜ ለሌለው ሰው የምመክረው እሱን ነው። ሁለቱንም የምትወዱ ከሆነ መጀመሪያ ሲላንቱን ቀብታችሁ ከደረቀ በኋላ ካርናውባውን በላዩ ማድረግ ትችላላችሁ። ተቃራኒው አይሠራም። ሲላንት ቀለሙን ራሱን መያዝ ይፈልጋል፤ ሥሩ ሰም ካለ አይጨብጥም።

ሴራሚክ የተጨመረባቸው የሚረጩ ሽፋኖችም አሉ። ለመቀባት ቀላል ናቸው፤ ውሃ በደንብ ያባርራሉ። በባለሙያ ከሚሠራው ዓመታት ከሚቆየው የሴራሚክ ሽፋን ጋር ግን አታምታቷቸው።

ዋጋን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። በመካከለኛ ዋጋ ሰምና በጣም ውድ በሆነው መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። በደንብ በተዘጋጀና ባልተዘጋጀ ቀለም መካከል ያለው ግን ከመንገድ ማዶ ይታያል። የሚተርፋችሁን ገንዘብ ጨርቅ ግዙበት። ቀጭን አሮጌ ቲሸርት ቀለም ይጭራል፤ በተለይ ስፌቱ። ጸጉሩ ረዘም ያለ፣ ዳሩ ያልተሰፋ ወይም በለስላሳ የተጠለፈ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ቢያንስ ስድስት ያስፈልጋችኋል። ሁለት ባልዲ፣ ለስላሳ የማጠቢያ ጓንት፣ ሁለት ሦስት መቀቢያ ስፖንጅ፣ ክሌይ የሚባለው ቆሻሻ ማንሻ ሊጥ ከማንሸራተቻ ፈሳሹ ጋር፣ የወረቀት ፕላስተርም ከጨመራችሁ ዕቃው ሞላ።

ሥራው

1. ጥላ ፈልጉ፣ ከዚያ እጠቡ።

ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና አይሠራበትም። መዳፋችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ፤ ሞቅ ካለ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቁ። አንዱ ባልዲ ሻምፖ፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ ይሁን። ጓንቱን መኪናው ላይ ካሳለፋችሁ በኋላ ሻምፖው ውስጥ ከመመለሳችሁ በፊት ንጹሑ ውሃ ውስጥ እሹት። አሸዋው እዚያ ይቀራል። ከጣሪያው ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ የፓራውልቱና የበሮቹ ታችኛው ክፍል ከሁሉም የቆሸሸ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይታጠብ። ለጎማና ለቸርኬ ሌላ ጓንት ያዙ።

የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የድሮውን ሰም ያነሳል የሚባለው የተወሰነ እውነት አለው። ግን የጎማውን ማሸጊያ ያደርቃል። ሰሙን ማጽጃው ስለሚያነሳው አያስፈልጋችሁም።

2. የማይታየውን ቆሻሻ አንሱ።

የፌስታሉ ፍተሻ ሻካራ ካገኘ ብቻ ነው ይሄ። መጀመሪያ የብረት ብናኝ ማስለቀቂያ ብትረጩ ጥሩ ነው። ብናኙ ያለበት ቦታ ሁሉ ወይን ጠጅ ቀለም እያወጣ ሲወርድ ታያላችሁ፤ ነጭ መኪና ላይ የመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ያስደነግጣል። ኬሚካሉ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ቀለም ነው። ሳይደርቅ በብዙ ውሃ አለቅልቁት። ሽታው ከባድ ስለሆነ አየር ያለበት ቦታ ሁኑ፤ ጓንት አድርጉ።

ከዚያ ክሌይ። ሊጥ የመሰለ ለስላሳ ነገር ነው። የግማሽ እንቁላል ያህል ቆርሳችሁ በእጃችሁ አሙቁትና እንደ ቂጣ ጠፍጥፉት። ቀለሙን በማንሸራተቻው ፈሳሽ በደንብ አርጥቡ። ክሌዩን ሳትጫኑ፣ በጣታችሁ ክብደት ብቻ፣ በቀጥታ መስመር ወዲያና ወዲህ አስኪዱት። መጀመሪያ ላይ ድምፅ ያሰማል። ደቃቅ ‘ሽሽሽ’ የሚል ነው፤ ጣታችሁም መያዝ መያዝ ይለዋል። ጥቂት ስታመላልሱት ድምፁ ይጠፋል፤ ክሌዩ በራሱ መንሸራተት ይጀምራል። ያን ጊዜ ቦታው ጸድቷል፤ ወደሚቀጥለው እለፉ። ክሌዩን ስትገለብጡት ያነሳው ቡናማ ብናኝ ይታያችኋል። ቆሻሻውን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ንጹሕ ፊት አውጡለት።

ክሌዩ መሬት ከወደቀ ጣሉት። ታጥቦም ቢሆን አይመለስም። አንድ የአሸዋ ፍሬ ሙሉ በር ላይ መስመር ያወጣል።

3. ማጽጃውን ቀቡ።

መጀመሪያ ፓራፋንጎ ላይ ወይም የበር ታችኛው ክፍል ላይ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ሞክሩ። ውጤቱን በስልካችሁ መብራት አይታችሁ ከወደዳችሁት ቀጥሉ። ስፖንጁ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃል። 40 በ40 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ቦታ ያዙና ለመለስተኛ ፖሊሽ መካከለኛ ግፊት፣ በኬሚካል ለሚሠራው ደግሞ ቀላል ግፊት ተጠቀሙ። ሳይደርቅ ጥረጉ። የበርና የኮፈን ጠርዝ ላይ እጃችሁን አቅልሉ፤ ክሊሩ ጠርዝ ላይ ይሳሳል። ስፖንጁ ሲጠቁር ቀይሩት።

4. ሰሙን፣ በጣም በስሱ።

ያልተቀባውን ጥቁር ፕላስቲክና የጎማ ማሸጊያ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ሰም እዚያ ከገባ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ ማስለቀቁ ከሰም ቅቡ ሁሉ የበለጠ ያደክማል።

ስፖንጁን ሰሙ ላይ ጫን አድርጋችሁ ግማሽ ዙር አዙሩት። ለአንድ በር ይበቃል። “ይሄ ምኑ ይበቃል” ትላላችሁ፤ ይበቃል። ወፍራም ሰም የተሻለ አይከላከልም። ቀለሙን የሚይዘው ሥሩ ያለው ስስ ንብርብር ነው፤ የቀረው በጨርቅ ተጠርጎ የሚጣል ነው፤ ያውም እጅ እስኪዝል ታሽቶ። ልኩን ለማወቅ መስታወት ላይ እፍ ስትሉ የሚፈጠረውን ጭጋግ አስቡ። ቀለሙ በጭጋጉ ውስጥ መታየት አለበት። ካልታየ አብዝታችኋል።

5. ጠብቁ፣ ከዚያ ወልውሉ።

የመቆያው ጊዜ እንደ ሰሙና እንደ አየሩ ይለያያል። ሰዓት ከምታዩ ጣታችሁን ጠይቁ። የቀባችሁትን በአመልካች ጣታችሁ አንድ ጊዜ ሳብ አድርጉት። ሥሩ ያለው ቀለም ጥርት ብሎ ከወጣ ደርሷል። ከተቀባባ ገና ነው። ለስላሳ የካርናውባ ቅባቶች ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚፈልጉ አሉና የቆርቆሮውን ጽሑፍ ሳታነቡ ሙሉ መኪናውን አትቀቡ። እንዲህ ያለውን አንድ አንድ ክፍል እየቀባችሁ እየወለወላችሁ ሂዱ። ሲላንት ግን ባብዛኛው ሙሉ መኪናው ተቀብቶ ሊጠበቅ ይችላል።

ጨርቁን አራት እጠፉት። በአንዱ ፊት ሰሙን አንሱ፣ በሌላው ንጹሕ ፊት አጥሩት። አትጫኑ። መጫን ካስፈለጋችሁ ወይ ሰሙ በዝቷል ወይ ከሚገባው በላይ ደርቋል። የደረቀ ቦታ ካለ ትንሽ ሰም በላዩ ቀቡና ወዲያው ጥረጉት፤ የድሮውን አለስልሶ ያነሳዋል።

6. ሁለተኛ ዙር።

ግዴታ አይደለም። ጥቅሙ በመጀመሪያው ዙር የሳትነውን ቦታ መሸፈኑ ነው። ለሲላንት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆዩ፤ ለካርናውባ ጥቂት ሰዓት ይበቃል። በዚህ መካከል መኪናው ውሃ ባይነካው ይመረጣል።

ከዚያ በኋላ

ከዚህ ወዲያ መኪናውን በመኪና ሻምፖ ብቻ እጠቡ። ላቫጆ የምትወስዱት ከሆነ የራሳችሁን ሻምፖና ጓንት ይዛችሁ ሂዱ፤ አያሳፍርም። ቀለም በብዛት የሚጫረው ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው በሚዘዋወር ጨርቅ ነው።

የወፍ ኩስ ላይ ሰሙ ጊዜ ይገዛላችኋል እንጂ እስከ መጨረሻው አያድናችሁም። በተለይ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ክሊሩን ይበላዋል። አትፋቁት። ጨርቅ በውሃ ነክራችሁ ላዩ ላይ አምስት ደቂቃ አስቀምጡ፤ ሲለሰልስ በማንሳት ዓይነት ጥረጉት።

ሰሙ ማለቁን የምታውቁት ከውሃው ነው። ውሃው እየተንጠባጠበ ክብ ክብ ከሆነ አለ። ተዘርግቶ ከተኛ አልቋል። ሆኖም አቧራ የያዘ ቀለምም ውሃ ያስተኛልና መጀመሪያ አጥባችሁ ከዚያ ፍረዱ።

ማይክሮፋይበሮቹን ለብቻቸው እጠቡ፤ ከጥጥ ልብስ ጋር ከገቡ ብናኙን ሰብስበው ይወጣሉ። የልብስ ማለስለሻ አታድርጉባቸው፤ ጸጉራቸውን ሸፍኖ መምጠጥ ያቆማሉ። ጥላ ላይ አድርቋቸውና ፌስታል ውስጥ ዘግታችሁ አስቀምጡ። የሰሙንም ክዳን ግጥም አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። መኪናው ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀቱ ማቅጠኛውን አትንኖ ሰሙን ያደርቀዋል።